የማሪያ ፋይል

ክቡር ርዕሰ መምህራችን አቶ ደረጄ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይህን የሰኔ ዝናብ ጥሳችሁ፣ የቅዳሜ ገበያችሁን ትታችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ያክብርልኝ። ድንኳን ይተከል ስትሉ "ኧረ የመምህራን ክፍሉ ይበቃናል" ብዬ ሙጭጭ ያልኩት ትሁት ሆኜ እንዳይመስላችሁ። የጉና ንፋስ ድንኳኑን ነቅሎ በላያችን ላይ ይጥለዋል ብዬ ፈርቼ ነው።

ሳቁ፣ ሳቁ፤ እውነቴን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር የእኔን ፍርሃት የማያውቅ ማን አለ? ባጃጅ ትገለበጣለች ብዬ ከቤቴ እዚህ ድረስ በእግሬ የምመላለስ ሰው ነኝ። ሰማይ ሲያጉረመርም ጠመኔዬን ጥዬ ከመስኮት የምሸሽ ሰው ነኝ። "መምህር ቀስ በሉ" የሚል ስም እንዳወጣችሁልኝም አውቃለሁ። ማን እንዳወጣውም አውቃለሁ፤ እዚያ ጥግ ተቀምጦ ዳቦ እየበላ ነው።

ዛሬ ግን የያዘኝ ፍርሃት እንደ ወትሮው አይደለም። ይህን ማይክ በሁለት እጄ የያዝኩት ለክብር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ እጄ ብቻውን ስለማይችለው ነው። የምነግራችሁ ነገር አለኝ። ከሰኞ በፊት ካልተናገርኩት አንዲት ልጅ በገዛ እጇ ያገኘችው ዕድል ለሌላ ይሄዳል። ከተናገርኩት ደግሞ እዚህ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሰው ልቡ ይሰበራል። ስለዚህ መንገድ ላይ ቃል ቢጠፋኝ፣ ወሬ ላስቀይስ ብሞክር፣ እባካችሁ "ቀጥል" በሉኝ።

መጀመሪያ ምስጋናዬን ልጨርስ። ለደብረ ታቦር ብርድ ይሁንዎ ብላችሁ ይህን ካፖርት ስላሰፋችሁልኝ አመሰግናለሁ። የሰፋው ገበያ ዳር ያለው ዩኑስ ነው፤ የተማሪያችን የኢክራም አባት። ዳቦውን የጋገሩት ደግሞ አሥራ አራት ዓመት እነዚህን ክፍሎች ሲጠርጉ የኖሩት ወይዘሮ የሺ ናቸው። ልጃቸው እመቤት ትልቅ ዕድል ስለቀናት "መምህሯን ሳላበላ አልሸኝም" ብለው ሲንጎዳጎዱ ሰነበቱ። ወይዘሮ የሺ፣ ዳቦዎን እስካሁን አልቀመስኩትም። የምለውን ሳልል አልቀምሰውም ብዬ ነው።

አዲስ የመጣችሁ መምህራን ይህ ስፓኒሽ የሚባል ቋንቋ ደብረ ታቦር ምን ሊያደርግ መጣ ትሉ ይሆናል። አባቴ ወታደር ነበር፤ ኦጋዴን ቀረ። እኔን የአሥራ ሦስት ዓመቱን ልጅ፣ በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ እንደኔው አባት ከሌላቸው ልጆች ጋር መርከብ ላይ ጭነው ኩባ ላኩኝ። ከዚያ በፊት ያየሁት ትልቅ ውሃ ጣና ነው። መርከቧ እስክትቆም ድረስ አልቅሻለሁ። እዚያ ያስተማረችን ሴትዮ የማናችንንም ስም መጥራት ስላቃታት የስፔን ስሞችን በቁራጭ ወረቀት ጻፈች፣ ኮፍያ ውስጥ ከተተች፣ ዕጣ አስወጣችን። እኔ ማኖሎ ሆንኩ።

ታምኑኛላችሁ? ማኖሎ ደፋር ነበር። ሙላቴ በአማርኛ እንኳ አፉን የማይከፍት ልጅ ነው፤ ማኖሎ ሲሉት ግን እጁን ያወጣል፣ ይመልሳል፣ ይሳሳታል፣ ይስቃል። የተሳሳተው ማኖሎ ነዋ! ሙላቴ ምን ቸገረው? ያን ዘዴ ልቤ ውስጥ ይዤ አገሬ ተመለስኩ። ስመለስ ግን ስፓኒሽ የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ እዚህ ገብቼ እንግሊዝኛ ሳስተምር ሃያ አምስት ዓመት ሄደ።

የዛሬ ስድስት ዓመት የስፔን የዓይን ሐኪሞች እየመጡ የሰውን ዓይን ማከም ሲጀምሩ አስተርጓሚ ጠፋ። አቶ ደረጄ ጠሩኝና "መምህር፣ ያ ቋንቋ አልጠፋብዎትም?" አሉኝ። "ትንሽ ትንሽ አለ" አልኳቸው። "እንግዲያው ለልጆቹ ያስተምሩልን" አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ግን ግሱ ሁሉ ተበታትኖብኝ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት እንደ ኩባው ለልጆቹ የስፔን ስም በዕጣ ሰጥቼ፣ ወረቀታቸውን አርሜ እመልስላቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የት እንደሚደርስ አልጠይቅም። አንድ ቀን ሐሙሲት ገበያ ወርጄ አብሽ ገዛሁ። ሴትዮዋ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቤቴ ገብቼ ስፈታው በስፓኒሽ "ስሜ ካርመን ነው። ሁለት በሬና አንዲት ላም አለን" ይላል! ከግርጌው ደግሞ በእኔው ቀይ እስክሪብቶ "ጎበዝ፣ በርቺ" ተብሏል። የልጅቷ የአንድ ወር ድካም አብሽ ተቋጠረበት። ያን ቀን አፈርኩ።

በማግስቱ ሦስት የዘይት ካርቶን ከሱቅ ለምኜ አመጣሁና ከመስኮቱ ሥር ደረደርኳቸው። በአንዱ የተጀመረ ሥራ ይገባል፣ በሌላው የታረመ፣ በሦስተኛው ያለቀለት። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ፋይል አበጀሁ። ጀማሪ ነውና በሳምንት አምስት ስድስት መስመር ቢጽፍ ነው፤ ያቺው ትቀመጥለታለች፤ የቆየው ከኋላ፣ የቅርቡ ከፊት። በወር አንድ ቀን ሁሉም ፋይሉን ዴስክ ላይ ዘርግቶ ከሥራዎቹ የሚወደውን ይመርጣል፤ ለምን እንደወደደውም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምርበታል። አንዱ ጎረምሳ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? "ይህን የወደድኩት መምህሩ ስህተቱን ስላላዩት ነው።" እውነቱን ነበር፤ አላየሁትም።

እናንተም እየመጣችሁ አይታችኋል። የሒሳቡም፣ የባዮሎጂውም መምህር ካርቶን ፍለጋ ሲዞሩ ደስ ብሎኝ ነበር። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ማስጠንቀቂያም ታውቁታላችሁ፤ "ሳትከፍት አትላክ" ይላል። ማንኛውም ፋይል ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ተከፍቶ ገጽ በገጽ ይታያል ማለት ነው። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

በፋይሉ ሽፋን ላይ የሚጻፈው በዕጣ የወጣው የክፍል ስም ብቻ ነው፤ ፓብሎ፣ ካርመን፣ ሉሲያ። ሳርም የባለሥልጣን ልጅ፣ የድሃ ልጅ፣ የክርስቲያን፣ የሙስሊም እንዳልል ብዬ ነው። ማን ማን እንደሆነ የሚገኘው ኪሴ ውስጥ ባለች አንዲት ደብተር ነው። ጸሐፊያችን ትዝታ "አንድ ቅጂ ለመዝገብ ቤት ይስጡን እንጂ መምህር" እያለች ስንት ጊዜ ለመነችኝ! እኔ ደግሞ "ሰው እጅ ገብታ ትጠፋለች ብዬ እፈራለሁ" እላታለሁ። ኪስ ውስጥ የምትጠፋ አልመሰለኝም።

ዘንድሮም ጥቅምት ላይ እንደ ወትሮው ዕጣ አወጣን። ለወይዘሮ የሺ ልጅ ለእመቤት "ፋቲማ" ወጣላት። ለዩኑስ ልጅ ለኢክራም "ማሪያ" ወጣላት። ሁለቱም የስፔን ስም ናቸው፤ እዚያ አገር ፋቲማ የምትባል ክርስቲያን ሞልታለች። ልጆቹ ተያይተው ሳቁ፤ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው። ኢክራም "መርየም እኛም ጋ አለች ጋሼ" አለችኝ። ሙሉውን መንፈቅ በዚያ ስም ጻፉ፤ ኢክራም በማሪያ ፋይል፣ እመቤት በፋቲማ ፋይል። ይህን ልብ በሉልኝ።

የካቲት ላይ ወይዘሮ የሺ ኮሪደሩን ሲጠርጉ እኔ ክፍል ውስጥ "ፋቲማ፣ አንብቢ" ስል ሰሙ። ብድግ ብላ ያነበበችው የገዛ ልጃቸው ናት። ከሰዓት በኋላ መጡ። አልተቆጡም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "መምህር፣ እኔ እኮ ሁለት ልጅ ቀብሬ ይችን በእመቤታችን ስለት ያገኘኋት ነኝ። ስሟንም ያወጣሁላት ለውለታዋ ነው። ይህን ስም ባይሰጧትስ?" አሉኝ።

ምን ነበረበት ቁጭ ብዬ ባስረዳዎ? ምን ነበረበት ዩኑስንም ጠርቼ ሦስታችን ብንመካከር? ዩኑስ ስቆ የሚያሳልፍ ሰው ነው። እኔ ግን ጊዜውን ፈራሁ። ወሬው ከግቢ ወጥቶ፣ "መምህሩ የልጆች ሃይማኖት ነካ" ተብሎ፣ አንዱ አንዱን ጠርቶ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከተማው ሲታመስ ታየኝ። ሁለቱን ልጆች ወደ ጥግ ጠራኋቸውና በሹክሹክታ "ስም ተቀያየሩ፤ ለማንም እንዳትናገሩ" አልኳቸው። ደብተሬ ላይ ሁለቱን ስሞች በላጲስ አጥፍቼ አገላበጥኩ። ፋይሎቹን ግን አልነካሁም። ተማሪዎች ፊት ሽፋን ስቀይር "ለምን?" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ነገ ሰው በሌለበት አደርገዋለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ሥራ መጣ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ።

አያችሁ፣ የማሪያ ፋይል ውስጥ ያለው የኢክራም ሥራ ነው። ደብተሬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሪያ ማለት እመቤት ናት ይላል።

መጋቢት ላይ ሐኪሞቹ ጻፉልን። ከጀማሪዎቹ አንድ ተማሪ መርጠው፣ አገራቸው ወስደው ሁለት ዓመት ነርስነት ያስተምራሉ፤ ከዚያም ተማሪው በየዓመቱ እዚህ ሲመጡ አብሯቸው ይሠራል። ፈተና የለም፤ የመጀመሪያውን መንፈቅ ፋይሎች ብቻ ላኩልን አሉ። ደስታችንን ታስታውሳላችሁ። ያን ሰሞን መንገዱ ደግሞ እንደምታውቁት ነበር፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። አንድ ጠዋት "ሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ሊወጣ ነው" ሲባል ሰማሁና በረርኩ። ትዝታን "ስማቸውን ከደብተሬ ገልብጪልኝ" አልኳት። እሷ የሰጠኋትን ነው የጻፈችው፤ ማንም ጣቱን እንዳይቀስርባት። እኔ ሃያ ሰባቱን ፋይል ከካርቶኑ አንስቼ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩ፣ በሲባጎ አሰርኩ። ማስጠንቀቂያው ከአናቴ በላይ ተለጥፏል። ሳልከፍት ላክሁ። ዛሬ ካላለፈ መንገዱ ይዘጋል ብዬ ፈርቼ ላክሁ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ውጤቱ መጣ። አቶ ደረጄ በሰልፍ ላይ "አንደኛ፣ እመቤት!" ብለው አነበቡ። ወይዘሮ የሺ መጥረጊያቸውን ጥለው እልል አሉ። እኛም አጨበጨብን። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ለአንዲት ሰዓት ያህል ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ከውጤቱ ጋር የመጣውን የስፓኒሽ ደብዳቤ ይዤ ብቻዬን ክፍሌ ገባሁ። "የማሪያን ፋይል አንደኛ ያልነው በዚህ ምክንያት ነው" ብለው አንዱን ጽሑፍ ገልብጠውታል። በአማርኛ ላንብብላችሁ፤ የጀማሪ ቋንቋ ነውና አጭር አጭር ነው።

"አባቴ የስፌት መኪና አለው። መኪናው ሽማግሌ ነው። አባቴ 'እኔ ሽማግሌ አይደለሁም' ይላል። ግን ክሩ መርፌ ውስጥ አይገባለትም። ክሩን የማስገባው እኔ ነኝ። እኔ ትምህርት ቤት ስሆን አባቴ ይጠብቀኛል።"

የእመቤት አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይፋግ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። እቤታቸው የስፌት መኪና ኖሮ አያውቅም።

አዎ። ገባችሁ አይደል? እኔ ይህን ሦስት ሳምንት ደብቄያለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ይኸው ነው። እንዲያው ዕድሜ ልኬን ስንቱን ፈርቻለሁ! ባጃጁን፣ መብረቁን፣ ንፋሱን። ይህን ግን ሳልፈራው ቀረሁ።

ወይዘሮ የሺ፣ ትዝታ አጠገብዎ ናት፤ እጅዎን ትያዝልኝ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። እናት ስለ ልጇ ስም ብትጠይቅ ምን ነውር አለው? የእመቤትም አይደለም። ልጅቷ ከማንም አንዲት ፊደል አልሰረቀችም፤ ስምሽ ወጣ ተባለች፣ ደስ አላት። ለዚህ ሁላችሁም ምስክር ሁኑልኝ። የተሳሳተው ማኖሎ ነው እንዳልልም ማኖሎ ኩባ ቀርቷል። የተሳሳተው ሙላቴ ነው።

ሁለት ጊዜ ቤትዎ መጥቻለሁ። ለዚሁ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ገና በሩን ሳንኳኳ "የልጄ ባለውለታ መጣልኝ!" ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ምን ልበል? "እንደው በዚህ ሳልፍ፣ ጣራችሁ ያፈስ እንደሆን ልጠይቅ ብዬ ነው" አልኩ። ጣራ! እኔ ወንበር ላይ መውጣት የምፈራ ሰውዬ! በሁለተኛው ቀን የእመቤትን ሻንጣ አሳዩኝ። ልብሶቿ ተጣጥፈው አልቀዋል። "መምህር፣ ቁልፉ ይበረታ እንደሆን እስቲ ይዩልኝ" አሉኝ። ጎተት ጎተት አድርጌ "ጠንካራ ነው" አልኩና ወጣሁ። መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እናንተ ደግሞ ይባስ ብላችሁ ካፖርት ለመለካት ዩኑስ ጋ ላካችሁኝ! በከተማው ስንት ልብስ ሰፊ እያለ! ሜትሩን ትከሻዬ ላይ ዘርግቶ "መምህር፣ ምነው ይንቀጠቀጣሉ?" አለኝ። "ብርድ ነው" አልኩት። "ወላሂ ለእመቤት ደስ ብሎኛል" አለ። "የኔዋ ባይደርሳትም ለጓደኛዋ ደረሳት። ኢክራም ራሷ ናት እየሳቀች መጥታ የነገረችኝ።" ይህን እያለ ክር ሊያስገባ መርፌውን ወደ ብርሃን አነሳ። አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ፣ አልሆነለትም። "ይች ልጅ የት ሄደችብኝ?" አለ። እኔ ያን ሁሉ እያየሁ "ደረቱ ላይ ሰፋ ይበል" ብዬው ወጣሁ። ይህ ካፖርት በዚህ ብርድ ለምን ላብ እንደሚያጠምቀኝ አሁን ገብቷችኋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሰሞኑን ለሐኪሞቹ ጻፍኩላቸው፤ ያውም በድፍረት እንዳይመስላችሁ፣ "እንደው ለመጠየቅ ያህል፣ የአንድ ተማሪ ስም ተሳስቶ ቢሆን ምን ይደረጋል?" ብዬ። በማግስቱ መለሱ። ሰኞ ስሙ ይጸድቃል፤ ከዚያ በፊት ማስተካከያ ከደረሳቸው ይቀበላሉ። ሦስት ፊርማ ግን ይፈልጋሉ፤ የመምህሩ፣ የርዕሰ መምህሩ፣ ስሟ የወጣው ልጅ ወላጅ። ወረቀቱ ይኸው። የእኔ ፊርማ አለበት፤ ጠማማ ናት፣ ግን የእኔ ናት።

አቶ ደረጄ፣ ዓይንዎ ሲፈጥ አየሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለእርስዎም አልነገርኩም። ብነግርዎ "ቆይ እስቲ እንምከርበት" ይሉኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ እቆያለሁ፤ ሰኞም ያልፋል። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። ብቻዬን ስሆን እሸሻለሁ። እናንተ ሁላችሁ ባላችሁበት ግን የት እሸሻለሁ? ወይዘሮ የሺ፣ ይህ ለእርስዎ ግፍ ነው። በሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር መስማት አይገባዎትም ነበር። ጓዳዎ ገብቶ ቀስ ብሎ የሚነግርዎ ደፋር መምህር ነበር የሚያስፈልግዎ፤ የደረሰዎት እኔ ነኝ።

ምን ምን እንደምፈራ ልንገራችሁ? እመቤትን ሰው መንገድ ላይ በክፉ ያያታል ብዬ እፈራለሁ። ሁለቱ ልጆች ከአንድ ዴስክ ይለያያሉ ብዬ እፈራለሁ። "ለሙስሊሟ ብሎ ከክርስቲያኗ ነጠቀ" የሚል ሰው ይነሳል ብዬ እፈራለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ "የሙስሊሟን ለክርስቲያኗ ሰጠ" ይባላል። ግን ሽፋኑ ላይ ሃይማኖት አልተጻፈም። ውስጡ ያለው የአንዲት ልጅ ድካም ነው፤ የደከመችው ትሂድ።

ወይዘሮ የሺ፣ ባይፈርሙ አልፈርድብዎም። እዚህ ያለ ማንም አይፍረድብዎ። ቢፈርሙም ባይፈርሙም ግን ዛሬ ዩኑስ ሱቁን ሳይዘጋ ሄጄ እነግረዋለሁ። እመቤት ሰነፍ አይደለችም፤ የእሷው የፋቲማ ፋይል ከሃያ ሰባቱ ስድስተኛ ወጥቷል። ከነገ ጀምሮ ጡረተኛ ነኝ፤ መሄጃ የለኝም። በየቀኑ ቤቴ ትምጣ፣ በነጻ አስተምራታለሁ፤ የሚመጣው ዓመት ውድድር ላይ በራሷ ሥራ ትቀርባለች። ይህ ሻንጣዋን እንደማይሞላላት አውቃለሁ።

ትዝታ፣ ደብተሯ ይችው፤ ሁለት ቅጂ አውጪላት። ለሚተካኝ መምህር ንገሪልኝ፤ ስም ከቀየረ በዚያኑ ቀን ሽፋኑንም ይቀይር፣ ተማሪ ፊት ይቀይር፣ "ለምን?" ቢሉትም ይመልስ።

ወይዘሮ የሺ ተነሡ። አሳልፏቸው። ወደ በሩ ነው? ይሂዱ፤ እኔ ምን አፍ አለኝ። ተዉአቸው፣ አትያዟቸው። አይ፣ ወደዚህ ነው የሚመጡት። ወይዘሮ የሺ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ፤ እዚሁ ቆሜያለሁ፣ የትም አልሄድም።

ማይኩን አልፈልግም አሉ። ከኋላ ያላችሁ ስላልሰማችሁ ያሉኝን ልድገምላችሁ። "ሐሙስ ለልጄ በስልኳ ከሐኪሞቹ መልእክት መጣላት። 'ምን አሉሽ?' አልኳት። 'ስለ አባቴ ጠየቁኝ' ብላ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። እኔ የሞተውን አባቷን አስታውሰዋት መስሎኝ ሳባብላት ሰነበትኩ። ለካ የጠየቋት ስለ ዩኑስ ኖሯል፤ ልጄን የሚበላት ይህ ነው። እኔ ስጨፍር አይታ እንዴት ትንገረኝ! አምጡት መምህር፣ የቱ ጋ ነው የምፈርመው?"

ፈረሙ። እጃቸው ከእኔ እጅ ይልቅ ጸንቷል። አቶ ደረጄም እስክሪብቷቸውን አውጥተው እየመጡ ነው።

እመቤት ቤት ብቻዋን ስለሆነች ምርቃቴን ላሳጥር። የከበደ ነገር ሲገጥማችሁ የሚሰማችሁ ሰው አይጥፋባችሁ። ልጆቻችሁ የሚፈሩትን ለእናንተ ለመንገር አይፍሩ። መንገዳችንን ክፍት፣ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ክረምቱን የበረከት፣ የሚመጣውን ዓመት ልጆች ከክፍል የማይቀሩበት ያድርግልን። እናንተ በድላችሁኝ ሳይሆን እኔ በድያችሁ ሄጃለሁና ይቅር በሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስለታገሣችሁኝ ውለታችሁን እግዜር ይክፈል። አሜን።

ወይዘሮ የሺ፣ ይቅደሙ፤ እኔ እከተልዎታለሁ። ልጅቷ እህል ትቅመስ።